መኪናዋ የተበላ ዕቁብ መሆኗን አውቃለሁ፤ ታዲያ መሸጥ ለምን አቃተኝ?

የጋራዥ ደንበኛ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ የመኪና ይመስላል እንጂ የጭንቅላት ነው። ስለዚህ መካኒክም ሁኑ ሳይኮሎጂ የተማራችሁ፣ የመሰላችሁን በሉኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል በ620 ሺህ ብር ገዛሁ። ከቁጠባዬ፣ ከዕቁብ፣ ትንሽ ደግሞ ከወንድሜ ተበድሬ። በአራተኛው ወር ፍሪሲዮን አለች። ቀጥላ ራዲያተር። ከዚያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፣ እሱ ሲሠራ ሌላ ነገር ተነካ፣ ብቻ አያልቅም። እስካሁን 240 ሺህ ብር አካባቢ በልታለች። ይህ ደረሰኝ ያለው ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ቆማ ያስጎተትኩበትና ጋራዥ ስትከርም ለታክሲ ያወጣሁት አልተቆጠረም። አሁን ዘይት ትጠጣለች፣ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች። መካኒኩ "ሞተር መውረድ አለበት" አለኝ። 180 ሺህ ብር።

ባለፈው ሳምንት ደላላ አንድ ገዢ አመጣልኝ። እንዳለች፣ ሳትሠራ፣ 560 ሺህ። ተሠርታ ከሆነ 700 ታወጣለች ይላሉ። እሺ ልል አፌን ከፍቼ "እስቲ ላስብበት" ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። አልጋ ላይ ሆኜ የሚመጣብኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ "ይህን ሁሉ አውጥቼባት?" ደግሞም ከገዛሁበት በታች!

የሚያሳፍረው ሥራዬ ባንክ ውስጥ ነው። የሰው ብድር ስገመግም ነው የምውለው። ጓደኛዬ ይህንኑ ቢጠይቀኝ ቡናዬን ሳልጨርስ "የተበላ ዕቁብ ነው ወንድሜ፣ ሽጠህ ተገላገል" እለዋለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን ምላሴ ይታሰራል። ሰው እንዴት እንደሚወስን የሚያጠኑ ሳይኮሎጂስቶች ይህን ነገር መርምረውታል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ያገኙት ነገር አለ? ወይስ የዩቲዩብ ወሬ ነው?

የስድስት ኪሎዋ

ወሬ አይደለም፣ በደንብ ተጠንቷል። ማስተርሴን እየሠራሁ ስለሆነ ሰሞኑን ከዚህ ጋር ነው የማድረው፤ ካበዛሁ ዝለሉኝ።

እንግሊዝኛው "ሰንክ ኮስት" ይለዋል፤ ወጥቶ የማይመለስ ብር ማለት ነው። ክፍል ውስጥ አማርኛ ስናጣለት ከረምን፣ አንተ ግን በርዕስህ ላይ አስቀምጠኸዋል። የተበላ ዕቁብ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላየሁም።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የሚባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች እንዲህ የሚል ጥያቄ አቀረቡ። ለበረዶ ሸርተቴ ወደ ሚሺጋን የሚወስድ ትኬት በ100 ዶላር ገዝተሃል። ከሳምንታት በኋላ ወደ ዊስኮንሲን የሚወስድ ሌላ ትኬት በ50 ዶላር ጨመርክ። ይበልጥ የምትደሰተው በዊስኮንሲኑ እንደሆነ ታውቃለህ። ከዚያ ልብ ስትል ሁለቱም አንድ ቅዳሜና እሁድ ላይ ውለዋል። መመለስ የለም፣ መሸጥም የለም። የቱን ትሄዳለህ? ብሩማ በሁለቱም በኩል ሄዷል፣ የቀረው ደስታው ብቻ ነው። ግን ከመላሾቹ 54 በመቶው ውዱን መረጡ፤ ያን ያህል የማያስደስታቸውን ማለት ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ነው ልትል ትችላለህ። ሁለተኛው ሙከራቸው ግን እውነተኛ ብር ያለበት ነው፣ እኔም እሱን እወደዋለሁ። ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የዓመቱን የቲያትር ትኬት ሊገዙ የመጡ ሰዎችን በዕጣ በሦስት መደቧቸው። አንዱ ቡድን ሙሉውን 15 ዶላር ከፈለ። ሌላው 2 ዶላር ተቀነሰለት፣ ሦስተኛው 7 ዶላር። ትኬቱ ያው ነው፣ መድረኩ ያው ነው፣ ተዋናዮቹም ያው ናቸው። ሁሉም መስኮቱ ጋ የደረሱት ሙሉ ዋጋ ሊከፍሉ አስበው ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ግን ሙሉ የከፈሉት በአማካይ አራት ያህል ትርኢት ገቡ፣ ቅናሽ የደረሳቸው ደግሞ ሦስት ከምናምን። ሰዎቹን ከሶፋቸው አስነስቶ ቲያትር ቤት የወሰዳቸው የትርኢቱ ጣዕም ሳይሆን የወጣው ብር ነበር።

አሁን ላንተ የሚሆነውን ስማ። በሁለተኛው ግማሽ ዓመት ልዩነቱ ጠፋ። የብሩ ሕመም በረደላቸው። ከዚያ በኋላ በ1998 የወጣ ሌላ ጥናት በጂም አባላት ላይ ይህንኑ አይቷል። በዓመት ሁለቴ የሚከፍሉ ሰዎች በከፈሉ ሰሞን ይመላለሳሉ፣ ቀስ በቀስ ይቀራሉ፣ እንደገና ሲከፍሉ እንደገና ይመጣሉ። ስለዚህ ልጠይቅህ፤ የመጨረሻውን ደረሰኝ የከፈልከው መቼ ነው? ባለፈው ወር ከሆነ የያዘህ መኪናዋ ሳትሆን ደረሰኙ ነው።

ስለ 620ውም አንድ ነገር ልበል። "ከገዛሁበት በታች" ስትል ካህነማንና ትቨርስኪ የሚባሉ ሳይኮሎጂስቶች በ1979 የጻፉትን ቁጭ ብለህ እየተናገርክ ነው። ሁለቱም ኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ነው አብረው መሥራት የጀመሩት። ካህነማን በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል አገኘ፣ ትቨርስኪ ግን በ1996 ሞቶ ነበር። ያሉት ነገር ሲቀል እንዲህ ነው። ሰው ያለውን ሀብት ደምሮ አይወስንም። አንድ ቦታ ላይ ችካል ይተክልና ከዚያ በላይ ያለውን ትርፍ፣ ከዚያ በታች ያለውን ኪሳራ ይለዋል። ያንተ ችካል 620 ላይ ነው።

ከችካሉ በታች ሲሆን ደግሞ ባሕርያችን ይለወጣል። 3,000 በእጅህ ወይስ 4,000 የማግኘት 80 በመቶ ዕድል ሲባሉ 80 በመቶ የሚሆኑት ሰዎች በእጅ ያለውን መረጡ። ጥያቄው ተገልብጦ 3,000 በእርግጠኝነት ትከስራለህ ወይስ 80 በመቶ ዕድሉ 4,000 የሚያስከስርህን ዕጣ ትሞክራለህ ሲባሉ 92 በመቶዎቹ ዕጣውን አሉ። ሰው ሲያተርፍ ቁጥብ ነው፣ ሲከስር ቁማርተኛ ይሆናል። በ560 መሸጥ የተቆረጠ ኪሳራ ነው። ሞተር ማስወረድ ደግሞ ዕጣው ነው።

ዘይት ቀያሪው

ወንድሜ እኔ ጥናት አላነበብኩም። 19 ዓመት ሙሉ ግን ሞተር ሳወርድ ኖሬአለሁ። የእህታችን ቁማር የሚለው ነገር ልክ ነው፣ እኔ ጋ በየቀኑ ይገባል።

አንደኛ ነገር፣ 180 ያለህ ሰው ላይዋሽ ይችላል፣ ግን 180 አይደለም። ሞተር እስኪከፈት ማንም አያውቅም። ፋሻ ብቻ ነው ተብሎ ይከፈታል፣ ሲሊንደሩ ተበልቶ ይገኛል። ከዚያ ቶርኖ ቤት። ቶርኖ ቤት ሲደርስ ደንበኛው ምን እንደሚል ልንገርህ፤ "አሁንማ አንዴ ተከፍቷል፣ ምን አደርጋለሁ።" ይህቺን ቃል የእኔን ያህል የሰማ ሰው የለም።

አንድ የሚኒባስ ባለቤት ደንበኛ ነበረን። ጨዋ ሰው፣ ዋጋ የማይከራከር። ካምቢዮውን ሦስት ጊዜ አስፈታን። በመጣ ቁጥር "ይቺን ብቻ ሥሩልኝና እሸጣታለሁ" ይላል። ሲሠራለት ደግሞ "ይህን ያህል አውጥቼባት አሁን ልሸጣት?" ይላል። ሲበላሽ ስለተበላሸ አይሸጥም፣ ሲሠራ ስለተሠራ አይሸጥም። በመጨረሻ ሞተሩን ለብቻው፣ አካሏን በኪሎ ሸጣት። የከፈለን ገንዘብ ሌላ ሚኒባስ ባይገዛም ግማሹን ይገዛ ነበር። ለእኔ እንጀራዬ ነው፣ ግን እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው።

ሰው ሲቸግረው የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። ዛሬ ማታ መኪናዋ ከግቢህ ተሰወረች እንበል። ጠዋት ስትነሳ በቦታዋ 560 ሺህ ብር በፌስታል ተቀምጧል። ያንን ፌስታል ይዘህ ገበያ ትወጣና ዘይት የምትጠጣ፣ 180 ገና የምትፈልግ መኪና ፈልገህ ትገዛበታለህ? አልገዛም ካልክ ዛሬ ማታ እንዳታድርባት።

የጋራዥ ደንበኛ

ፌስታሏ ገደለችኝ። አልገዛም። የመጨረሻው ደረሰኝ ደግሞ የዛሬ አምስት ሳምንት ነው፣ 38 ሺህ። እህቴ አየሽኝ እንዴ?

ሒሳቡም ግልጽ ነው። 700 ሲቀነስ 180፣ 520። አሁን የቀረበልኝ 560። ያውም ጋሼ እንዳለው 180ው 180 ሆኖ ከቀረ። በሥራ ሰዓት ፋይል ላይ ባየው በአንድ ደቂቃ የምፈርምበት ነገር ነው። ግን ይኸው ስጽፍላችሁም እጄ ደላላውን አይደውልም።

ማር ከሜሪላንድ

እኔን ያስታወሰኝ "ይቺን ብቻ" የምትለዋ ነገር ናት። እዚህ ሜሪላንድ ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ዳር ላይ ቤት ላሠራ ብዬ ስድስት ዓመት ብር ላክሁ። በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ጣሪያዋ ብቻ። ከዚያ በርና መስኮቷ ብቻ። ከዚያ ሴራሚክ። ዘመዴን ስልክ ላይ ሳዋራው አንጀቴ ይላወሳል፣ እምቢ ማለት አልችልም፣ ስልኩን ስዘጋ እልካለሁ።

የለቀቀኝ ነገር ያስቃል። ሌሊት ፈረቃ ላይ አብራኝ ለምትሠራ ፊሊፒናዊት ታሪኩን ስነግራት በእንግሊዝኛ መናገር ግድ ሆነብኝ። ስድስት ዓመት፣ ይህን ያህል ዶላር፣ ቤት የለም። ስጨርስ እሷ ዝም አለች፣ እኔ ነኝ የደነገጥኩት። በአማርኛ "ጎጆ" ነበር፣ "የወላጆቼ ማረፊያ" ነበር። በእንግሊዝኛ ቁጥር ብቻ ሆነ።

ለካ ይህም ተጠንቷል። በ2012 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነቦአዝ ካይሰር ቡድን ያሳተመው ነው። እነሱ የተጠቀሙት የካህነማንንና የትቨርስኪን ሌላ የታወቀ ጥያቄ ነው። 600 ሰው ሊገድል የሚችል በሽታ መጣ። አንዱ መላ 200 ሰው በእርግጠኝነት ያድናል፣ ሌላው ሁሉንም የማዳን አንድ ሦስተኛ ዕድል አለው። "ይድናሉ" ተብሎ ሲጠየቅ 72 በመቶው እርግጠኛውን ይመርጣል። እዚያው ቁጥር "400 ይሞታሉ" ተብሎ ሲነገር እርግጠኛውን የሚመርጠው 22 በመቶ ብቻ ነው። የተለወጠው ግሱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። የካይሰር ቡድን ያየው ደግሞ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ በተማሩት የባዕድ ቋንቋ ሲያነቡት ያ መገለባበጥ እንደሚጠፋ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቅርብ ነው፣ ይቆነጥጣል። የተማሩት ቋንቋ ራቅ ያደርጋል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የመኪናዋን ነገር ለአንድ የሥራ ባልደረባህ እንደምትጽፈው አድርገህ በእንግሊዝኛ ጻፈው። "ይህን ሁሉ አውጥቼባት" የሚለው እዚያ ቋንቋ ውስጥ እንዲህ አያቃጥልም።

እስቲ ማስረጃ

ተረጋጉ እንጂ። አንዱን ጥናት ያነበበ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ሳይኮሎጂ ባለፉት አሥራ ምናምን ዓመታት የገዛ ቤቱን ሲያጸዳ የነበረ ትምህርት ነው፣ ይህን ደግሞ እዚህ ማንም አላነሳም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የማርማላታውን ጥናት ሁሉም ያውቀዋል። በ2000 የታተመ፣ ካሊፎርኒያ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የተሠራ። 24 ዓይነት ማርማላታ ሲደረደር ቀምሶ የገዛው 3 በመቶ፣ 6 ዓይነት ሲደረደር 30 በመቶ። "ምርጫ ሲበዛ ሰው ይደነዝዛል" ተብሎ ዓለምን ዞረ። በ2010 ሃምሳ ያህል ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲደምሯቸው አማካዩ ዜሮ አካባቢ ሆነ። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ በተቃራኒው ነው። "የፈቃድ ኃይል እንደ ባትሪ ያልቃል" የሚባለውም እንዲሁ። በ2016 ከ20 በላይ ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት ሙከራ ሞክረው እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላገኙም። ስንት ሰው ግን "ማታ ማታ አትወስን፣ ባትሪህ አልቋል" እየተባለ ይመከራል።

ፍትሐዊ ልሁን፣ የካህነማንና የትቨርስኪው የ1979 ነገር ቆሟል። በ2020 በ19 አገሮች፣ በ13 ቋንቋዎች፣ ከ4 ሺህ በላይ ሰው ላይ ደግመው ሞክረውት በአብዛኛው ያው ውጤት መጣ። እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ "ስህተት" የምትሏት ቃል ላይ ነው።

እኛው አገር የተሠራ አንድ ጥናት አለ፣ በ2012 የታተመ። የኢትዮጵያ ገበሬዎችንና የምዕራብ አገር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአንድ ዓይነት የዕጣ ጨዋታ አወዳደሩ። ዕድሉ ስንት እንደሆነ በማይታወቅ ዕጣ ላይ ሁለቱም እኩል ይሸሻሉ። ዕድሉ በሚታወቀው ላይ ግን ገበሬዎቹ ከተማሪዎቹ ይበልጥ ይፈራሉ። ይህን "የአስተሳሰብ ጉድለት" የሚል ሰው አንድ በሬ ሞቶበት አያውቅም። ለተማሪው የጠፋችው ዕጣ የአንድ ቢራ ዋጋ ናት፣ ለገበሬው የዘር እህል ናት።

ባለ መኪናውም እንደዚሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ያለውን ይዞ መቆየት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ሸጠህ ብሩን ባንክ ስታስቀምጠው ደግሞ ኑሮው ይበላዋል። አሜሪካ ውስጥ "ሽጠህ ሌላ ግዛ" ማለት ቀላል ነው። እዚህ በ560 ሺህ ሌላ የምትገዛው ምኑን ነው?

የስድስት ኪሎዋ

ማርማላታውን እሰጥሃለሁ። ባትሪውንም ውሰደው፣ ያንን እንኳ ክፍላችን ውስጥ ቀብረነዋል። የገበሬዎቹ ነገር ደግሞ በጣም ትክክል ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ የምከራከርበት ነው።

ግን አንድ ነገር ቀላቀልክ። "የመኪና ዋጋ ሊጨምር ይችላል" የምትለው ወደፊት የሚያይ ምክንያት ነው። እሱን ይዞ ቢቆይ ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን ያንን አላለም። ከላይ ተመልሰህ አንብበው፤ ስለ ነገ አንድም ቃል የለም። "አውጥቼባት" እና "ከገዛሁበት" ነው ያለው። ሁለቱም ያለፈ ነገር ናቸው። ደግሞም የ620 ሺህ ብር የዛሬ ሦስት ዓመት አቅምና የዛሬው አንድ አይደለም፤ ኑሮው ይበላዋል ያልከው እሱንም በልቶታል። ችካሉን የተከለበት መሬት ራሱ ተንሸራቷል።

ይልቅ ባለጉዳዩን አንድ ነገር ልጠይቀው። መኪናዋን እንግዛ ያለው ማን ነበር?

ሎንቺና

እኔ አጭር ነኝ። ዘውድ ወይስ ጎፈር ጣልበት። እየቀለድኩ አይደለም፣ ስቲቨን ሌቪት የሚባል የቺካጎ ኢኮኖሚስት በድረ ገጽ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ሳንቲም አስጥሏል። ሥራ ልልቀቅ ወይ፣ ፍቅረኛዬን ልተው ወይ ብሎ የጨነቀው ሁሉ ገባ። ሳንቲሙ "ለውጥ" ያላቸው ሰዎች እውነትም ይበልጥ ለወጡ፣ በትልልቅ ጉዳዮች ላይ ደግሞ ለውጥ ያደረጉት ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ ደስተኛ ነበሩ። ሳንቲም ለመጣል እስኪደርስ ያመነታ ሰው ልቡ አስቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው፣ እኔ እንዲህ ነው የተረዳሁት። ሳንቲሙ አየር ላይ እያለ ምን እንደተመኘህ ስማ።

የጋራዥ ደንበኛ

ሎንቺና፣ ጣልኩት። ጎፈር ወጣ፣ ጎፈር "አትሽጥ" ነበር። "ሁለት ከሦስት" አልኩ። ከዚህ በላይ ምን ልበል።

የስድስት ኪሎዋ ያነሳሽው ጥያቄ ግን ጎኔን ወጋኝ። እኔ ነኝ ያልኩት። ባለቤቴ ያኔ "ብሩን ኮንዶሚኒየሙ ቁጠባ ላይ እንጨምረው" ብላ ነበር። እኔ ልጅ በዝናብ ትምህርት ቤት እየሄደ፣ ምናምን ብዬ ተሟገትኩ። የመረጥኳትም እኔ ነኝ፤ አንድ መካኒክ ይዘህ ሂድ ብትለኝ "ሞተር በጆሮዬ አውቃለሁ" ያልኩትም እኔው ነኝ። በገዛኋት ቀን ቤት ድረስ ክላክስ እያደረግሁ ነው የገባሁት።

የሚገርማችሁ አንድም ቀን "አላልኩህም?" ብላኝ አታውቅም። እኔ ነኝ የምሰማው። ፍሪሲዮን ሲሄድ ሰማሁት፣ ራዲያተሩም ጊዜ። ጋራዥ ስሄድ "ዘይት ልቀይር ነው" እያልኩ ነው የምወጣው። የ38 ሺህዋን ደረሰኝ ኮፈኑ ሥር ነው የደበቅኋት፣ ይህን ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት።

የስድስት ኪሎዋ

ገምቼ ነበር። ባሪ ስታው የሚባል ተመራማሪ በ1976 ይህንኑ ነው ያየው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ተማሪዎችን የአንድ ድርጅት ኃላፊ አደረጋቸው፣ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ከድርጅቱ ሁለት ክፍሎች ለየትኛው የምርምር በጀት እንደሚሰጡ መረጡ። ቀጥሎ የዓመታት ውጤት ተነገራቸው፤ ለአንዳንዱ የመረጠው ክፍል አትርፏል፣ ለአንዳንዱ ከስሯል። ከዚያ እንደገና 20 ሚሊዮን ዶላር አከፋፍሉ ተባሉ። ሌሎቹ ደግሞ የመጀመሪያው ውሳኔ የሌላ ሰው እንደነበረ ተነግሯቸው ሁለተኛውን ብቻ ወሰኑ።

ማን አብዝቶ ሰጠ መሰለህ? የከሰረውን ክፍል ራሱ የመረጠው። ያተረፈለት እንኳ ያን ያህል አልጨመረም። ሌላ ሰው በጀመረው ኪሳራ ላይም ሰዎቹ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። የሚደፋው ብር ለክፍሉ አይደለም፣ "ተሳስቼ አልነበረም" ለማለት ነው። አንተም ባንክ ውስጥ ፋይሉን በአንድ ደቂቃ የምትፈርመው ስለተማርክ ብቻ አይደለም። ያ ብድር ያንተ ሐሳብ ስላልነበረ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው፣ ሳንቲምም እንግሊዝኛም አያስፈልገውም። ውሳኔውን መኪናዋን ላልመረጠ ሰው ስጠው። ቤትህ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ።

እስቲ ማስረጃ

ይቺኛዋን አልከራከርም። እኔም ያገባሁ ነኝ።

የጋራዥ ደንበኛ

ትናንት ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ደረሰኞቹን በሙሉ አመጣሁ። የኮፈኑንም ጭምር፣ ዘይት ነክቷት ነበር። ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸውና "መኪናዋን ያልመረጥሽው አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ አንቺ ወስኚ" አልኳት። ስለ ኦሃዮ ቲያትር ማብራራት ጀምሬ ነበር፣ በመሃል አስቆመችኝ።

አንድ በአንድ አየቻቸው። ስልኳን አውጥታ ደመረች። 243 ሺህ 600። ከዚያ ምን አለችኝ መሰላችሁ፤ "እኔኮ አምና ሽጣት ልልህ ነበር። በጣም ስለምትወዳት ነው የተውኩት።" ሁለታችንም ለአንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልሆነች መኪና ስንንከባከብ ኖረናል። ሳቅን። እኔ ሳቁ መሃል ላይ ትንሽ ሆዴ ባብቶ ነበር፣ አልዋሽም።

ደላላውን የደወለችለት እሷ ናት። 560 ያለውን 575 አድርሳዋለች፣ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ነገ 3 ሰዓት ላይ ይመጣሉ።

ዘይት ቀያሪው

ሚስትህን አመስግንልኝ። አሁን ስማኝ። ሊብሬውንና ቁልፉን ብሩ አካውንትህ ከመግባቱ በፊት እንዳትሰጥ። ስም ሳይዞር "ነገ እናዞራለን" ካሉህ ነገ ይምጡ በላቸው። ዘይት እንደምትጠጣ ራስህ ንገራቸው፣ ሲያስነሷት ጭሱን ማየታቸው አይቀርም። ክሪኩንና ትርፍ ጎማውን አብረህ ስጥ። የልጅህን ዕቃ ከኋላ ወንበር ማውጣት አትርሳ፣ ሰው ሁሌ እሱን ነው ረስቶ የሚመለሰው።